22ቱ ፍጥረታት በምካሌስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በበዓላት ቀን ለመሳለም ከሚመጡት ምእመናን መካከል ልጃቸው በዓረብ አገር ያለች ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱም አንዳንዶቹ መስቀል ከተሳለሙ በኋላ ቀረብ ብለው፣ «አባቶቻችን፣ ልጃችን በቤይሩት ወልዳ በዚያው እያሳደገች ነው፤ የልጅ ልጃችን ከብት አላየ፣ ሣር አልረገጠ፣ ከቤት ወጥቶ ከእኩዮቹ ጋር አልተጫወተ። እንዲህ ያለ ልጅ ምን ሆኖ ያድጋል?» ይሉናል። ጥያቄው በ«እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ የሚታለፍ አይደለም። እኛ በአባቶች ፈቃድ ምእመናንን ለማገልገል ወደ ሊባኖስ ተልከን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በምካሌስ ተቀምጠን ነበርና፣ መልሱን ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በዚያ ከምትኖር ከአንዲት እናት ሥራ ካየነው ልንናገር ወደድን።

አስቀድሞ ፍጥረት መምህር መሆኗ በቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ትምህርት እንዳይደለ እናስታውስ። ከፈላስፎች አንዱ ወደ አባ እንጦንስ መጥቶ ያለ መጻሕፍት በበረሃ እንዴት መኖር እንደቻለ በጠየቀው ጊዜ፣ አባታችን መጽሐፉ ፍጥረት እንደሆነችና የእግዚአብሔርን ነገር ማንበብ በወደደ ጊዜ ሁሉ በፊቱ ተዘርግታ እንደሚያገኛት መልሶለታል። ቅዱስ ያሬድም በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ ከዛፍ ሥር ተጠለለ። በዚያም አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስድስት ጊዜ ሞክራ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ስትወጣ አየና ተጸጽቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። የዜማው አባት በዚያች ዕለት ከትል ተማረ። ሕፃኑ በአራት ግድግዳ መካከል ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ያችን ትል ከየት ያገኛት ነበር? እኛም በቅኔ ቤት ሳለን ቅኔ የምንቆጥረው ከጎጆአችን ወጥተን፣ ዛፍ ተጠግተን ነበር፤ ንብን በዓይኑ ያላየ ሰው በንብ ሰም ወርቁን ሊያለብስ አይችልምና።

ሊቃውንቱ ለዚህ ትምህርት ሕፃናት እንኳ የሚይዙት ሥርዓት አበጅተውለታል። በስድስቱ ዕለታት የተፈጠሩትን 22 ፍጥረታት መቁጠር ነው። በዕለተ እሑድ ስምንት፦ አራቱ ባሕርያት መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስ፣ እሳት፤ ደግሞም ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን። በሰኞ ጠፈር። በማክሰኞ ሦስት፦ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጡ ዕፅዋት። በረቡዕ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት። በሐሙስ ከውኃ የተገኙ ሦስት፦ በእግር የሚሄዱ፣ በልብ የሚሳቡ፣ በክንፍ የሚበሩ። በዓርብ ከየብስ እንዲሁ ሦስት፣ በመጨረሻም ሰው። በአገራችን ያለ ልጅ ይህን ሲማር አብዛኛውን አስቀድሞ በዓይኑ አይቶታል፤ መምህሩ የሚሰጠው ቁጥሩንና ትርጓሜውን ነው። በምካሌስ የገጠመን ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር።

ምካሌስ ከቤይሩት በስተ ምሥራቅ፣ ከቤይሩት ወንዝ ማዶ፣ በሲን ኤል ፊል፣ በደክዋነህና በመንሱሪየህ አጠገብ ያለች ሰፈር ናት። ፋብሪካው፣ መጋዘኑና ጋራዡ ብዙ ነው፤ አደባባዩ ከመኪና ጩኸት አያርፍም። ወንዙም ቢሆን በኮንክሪት ግንብ መካከል እንዲያልፍ ተደርጓል፤ ዝናብ ሲዘንብ ደፍርሶ ይወርዳል፣ በደረቁ ወራት ግን ቆሻሻ ውኃ የሚንቆረቆርበት ቦይ ይመስላል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ምድር ቤት አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በሰዓት እየተቀጠሩ ቤት እያጸዱ ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያት አሉ።

ከእነርሱ አንዷ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅዋን ይዛ መጥታ እንዲህ አለችን፦ «አባ፣ ይፍቱኝ። ልጄ በስልክ አንበሳም ዝሆንም ያውቃል። ትናንት ግን ደረጃው ላይ ጉንዳን እጁ ላይ ወጣበትና ጮኾ አለቀሰ። ሕያው ነገር ሲነካው የመጀመሪያው ነው መሰለኝ።»

ልጁ ከቤት የማይወጣው እናቲቱ ሰንፋ አልነበረም። በሊባኖስ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ሴት ፈቃዷ ይቋረጣል፤ መንገድ ላይ በኬላ ከተያዘች ልትታሰርና ከአገር ልትወጣ ትችላለች። የሊባኖስ ዜግነት የሚተላለፈው በአባት በኩል ስለሆነ በዚያ የሚወለደው ልጅም የዚያ አገር ዜጋ አይሆንም። እንግዲህ እናት ልጅዋን ወደ ውጭ ይዛ ስትወጣ ሁለቱንም ለአደጋ የምታጋልጥ ይመስላታል። በዚህ ላይ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤይሩት ወደብ በፈነዳ ጊዜ ሕፃኑ በእቅፏ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ በር በኃይል ሲዘጋ እንኳ ከአልጋ ሥር ይገባ እንደነበር ነግራናለች።

እኛም፣ «ልጄ፣ 22ቱን ፍጥረታት ታውቂያቸዋለሽ?» አልናት።

«በሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬ ነበር፤ አሁን ረስቼዋለሁ።»

ቆጠርንላት። ከዚያም፣ «እንግዲህ እነዚህን በምካሌስ እየፈለግሽ አሳዪው። ለአንዱ ዕለት ፍጥረት ጊዜ ወስደሽ፣ ሳትቸኩዪ» አልን። ፈገግ አለችና፣ «አባ፣ እዚህ ምን ፍጥረት አለ? ብረትና ሲሚንቶ እኮ ነው» አለች። «ብረቱም ሲሚንቶውም ከመሬት የወጣ ነው፤ ከእርሱ ጀምሪ» ብለን ባርከን አሰናበትናት። እኛ የሰጠናት ቁጥሩን ብቻ ነው፤ የቀረውን የሠራችው እርስዋ ናት።

ከአራቱ ባሕርያት ሦስቱን በቀላሉ አገኘች። ውኃው በቦቴ ተገዝቶ ጣሪያ ላይ ባለው ታንከር ይጠራቀም ነበርና ልጁን ይዛ ወጥታ ከየት ወደ የት እንደሚወርድ አሳየችው። እሳቱን በጋዝ ምድጃ፣ ነፋሱን በጣሪያው ላይ በተሰጣው ልብስ አሳየችው። ያስቸገራት መሬት ነበር። ከመንገድ ዳር ከአንዲት ዛፍ ሥር አፈር በቆርቆሮ ዘግና እስክታመጣ ድረስ፣ የአምስት ዓመቱ ልጅ አፈር በእጁ አልዳሰሰም ነበር። ጣቱን አስገብቶ በዚያ አገር ቋንቋ «ሹ ሃይዳ?» ማለትም «ይህ ምንድር ነው?» አላት። «አፈር ነው፤ አንተም፣ እኔም፣ ንጉሥም ከዚህ ነን» አለችው። ይህን ሲሰማ ሌላ እፍኝ ጨምሮ ያዘ አሉ። ብዙ ጊዜ በአራተኛው ቀን ቅኔ እንኳ ያልገባን ምሥጢር በአንድ ቆርቆሮ አፈር ለሕፃን ሲገለጥ ማየት ደስ ያሰኛል።

ጨለማና ብርሃን በምካሌስ ፍለጋ አያስፈልጋቸውም ነበር። በዚያን ጊዜ የሊባኖስ መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣ ነበር፤ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ዋና ዋና የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው ቆሙና የመንግሥት መብራት በአገሪቱ ሙሉ ጠፋ። የግል ጄኔሬተር ያለው ብቻ አበራ። ያች እናት በዚያ ሰሞን ልጅዋን ወደ ጣሪያ አወጣችው። በከተማው ብርሃን ተሸፍነው የኖሩት ከዋክብት ወጥተው ነበር። የረቡዕ ፍጥረት በእሑድ ፍጥረት ውስጥ ተገለጠ፤ ጨለማውም ለሕፃኑ ከሚያስፈራ ነገር የሚያሳይ ነገር ሆነለት። ይህን ስንል የሕዝቡን ችግር እንደ በረከት መቁጠራችን አይደለም፤ በዚያው ጨለማ ኦክስጅን የሚሹ ሕሙማን ተጨንቀዋል። ነገር ግን እናት ለልጅዋ ከችግሩ ውስጥ እንኳ የሚታይ ነገር ልታገኝ እንደምትችል አየን።

ስለ ሰኞ ፍጥረት ስለ ጠፈር ስታስተምረው አንድ ነገር አስተዋለች። የሊባኖስ ዝናብ በብዛት የሚዘንበው በእኛ በጋ፣ በኅዳርና በየካቲት መካከል ነው፤ የእኛ ክረምት ሲሆን በዚያ ደመና የለም። ስለዚህ አያቱ በስልክ «ዝናቡ ጠንክሮብናል» ሲሉት፣ እርሱ በፀሐይ ላይ ሆኖ «እዚህ ደርቋል» ይላቸዋል። ዓለም ሰፊ እንደሆነች፣ አንዱ አገር ሲያርስ ሌላው እንደሚያጭድ ልጁ የተማረው በካርታ ሳይሆን በአያቱ ድምፅ ነው።

የማክሰኞ ፍጥረታት ከሁሉ ይልቅ ቆየችባቸው። ቀድሞ በአሠሪዋ ቤት ሳለች ስኖበር የሚሉትን ፍሬ በቅቤ ጠብሳ በሩዝ ላይ ለዓመታት ስትበትን ኖራለች፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አላየችም። ከምካሌስ ወደ ምሥራቅ ባለው ዳገት ጃንጥላ የመሰሉ የጥድ ዛፎች አሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከዛፎቹ ሥር የወደቀ ደረቅ ፍሬ አንሥተው በድንጋይ ሲሰብሩት፣ ስኖበሩ ከውስጡ ወጣ። «አባ፣ አሥር ዓመት ያበሰልኩትን ነገር ገና ዛሬ አየሁት» አለችን። ከልጅዋ ጋር እርስዋም ትማር ነበር ማለት ነው።

የዚያ አገር ክርስቲያኖች በቅድስት በርባራ በዓል ስንዴና ምስር በጥጥ ላይ አብቅለው ለልደት በግርግሙ አጠገብ የሚያኖሩት ልማድ አላቸው፤ ይህች ሰማዕት በእኛም ስንክሳር በታኅሣሥ 8 ትታሰባለች። ያች እናትም ከጎረቤት አይታ ስንዴ በሳህን አበቀለች። ማጭድ አልነበራትምና ልጁ አዝመራውን በመቀስ አጨደው። በቆርቆሮው አፈር በሶብላ ተከለች፤ እርሱ በእጅ የሚለቀመው ሆነ። በምሳር ለሚቆረጠው ግን በመንገድ ዳር ወዳለው የወይራ ዛፍ ወሰደችው።

እዚህ ላይ ስለ ስም ጥቂት እንበል። ልጁ ዛፉን የሚያውቀው በዓረብኛ ዘይቱን ብሎ ነው። እናቱ፣ «በእኛ አገር ወይራ ነው፤ አያትህ የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት» አለችው። ይህ የዘር ዝምድና እንጂ የስም መመሳሰል ብቻ አይደለም፤ የሐበሻው ወይራና ዘይት የሚጨመቅበት የሊባኖሱ ወይራ በእርግጥ አንድ ዘር ናቸው፤ የእኛው ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ አይጨመቅም እንጂ። ስለ ዝግባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዝግባ ሲባል የሚሰማ የአገራችን ሰው በየደብሩ አጸድ ያለውን ዝግባ ያስባል። ግእዙ አርዝ የሚለው፣ ሰሎሞንም ከጢሮስ ንጉሥ ከኪራም ተቀብሎ ቤተ መቅደስ የሠራበት ዛፍ ከእኛ ዝግባ ጋር ዘር አይገናኝም፤ ተርጓሚዎቹ በግርማው የሚመስለውን ሰጡት። በሊባኖስ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው አረንጓዴ ዛፍ ያ አርዝ ነው። ለልጁ ይህን ስንነግረው፣ «እንግዲህ ወይራው ዘመዴ ነው፣ አርዙ ጎረቤቴ ነው» አለ። እኛ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ አልነበረንም።

በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም በሊባኖስ ተራሮች ላይ ሽመላዎች በብዛት ያልፋሉ። ከአውሮፓ ተነሥተው ወደ አፍሪካ ሲወርዱ በባሕር ላይ የሚያነሣቸው ሞቃት አየር ስለማያገኙ ባሕሩን ትተው የብስ የብሱን፣ በቱርክና በሊባኖስ ሰማይ፣ ከዚያም በሲና በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ይሄዳሉ። ከእነርሱም ወገን ወደ እኛ አገር ረግረጎችና ሐይቆች የሚመጣ አለ። በሊባኖስ አዳኞች ብዙዎቹን በጥይት ይጥሏቸዋል፤ የቀሩት ግን መንገዳቸውን አይለውጡም። እናትና ልጅ በጣሪያው ላይ ሆነው ይህን ሲያዩ ልጁ፣ «ማማ፣ እነርሱ ኢቃማ አላቸው ወይ?» ብሎ ጠየቃት። «የላቸውም፤ ግን ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ አልኩት» አለችን፤ ይህን ስትነግረን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በዚያው ሳምንት ስለ ልጁ ዜግነት ጠየቀችን። በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996፣ ከወላጆቹ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። በሊባኖስም ልደት በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተመዘገበ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳልና፣ በዚያ ልጅ ያላችሁ ወላጆች የሐኪም ቤት ወረቀት እንዳይጠፋ፣ ምዝገባውም እንዳይዘገይ ምከሩ። ልጅ ከየት እንደሆነ ማወቅ የልብም የወረቀትም ጉዳይ ነው።

ዓሣውን ሊያዩ ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ኮርኒሽ ሄዱ፤ በዚያ ዓሣ አጥማጆች ረጅም በትር ዘርግተው ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። ባሕሩ የእግዚአብሔር ቢሆንም ዳርቻው ብዙ ቦታ በግል መዝናኛዎች ተይዟል፤ ከእነዚህም የቤት ሠራተኞችን ወደ ውኃው እንዳይገቡ የሚከለክሉ እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። የከተማው የጥድ ደን፣ ሖርሽ ቤይሩት የሚሉት፣ እርሱም ለሕዝብ ተዘግቶ ብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው የተከፈተው። እናቲቱ ግን በተከለከለችው ላይ ስታዝን አልዋለችም፤ ያልተከለከለውን ፈልጋ አገኘች።

የዓርብ እንስሳት በምካሌስ ጥቂት ናቸው፦ የመንገድ ድመት፣ በጣሪያ ላይ የሚያረቡት እርግብ፣ በሥጋ ቤት ደጅ የታሰረ በግ። የዓርብ መጨረሻ ፍጥረት፣ ሰው፣ ግን ሞልቷል። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ከሶርያ የተሰደዱ፣ ከባንግላዴሽ የመጡ፣ ከሱዳን የመጡ፣ አርመናውያንም ይኖራሉ። ያች እናት ልጅዋን በየደጃፉ እየወሰደች እያንዳንዱን በገዛ ቋንቋው ሰላም እንዲል አስተማረችው። ሰፊው ዓለም እርሱ ወዳለበት ደረጃ ራሱ መጥቶ ነበር፤ የጎደለው የሚያስተዋውቀው ሰው ብቻ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ምእመናን አውቶቡስ ተከራይተው ወደ ብሸሪ፣ ወደ አርዙ ደንና ወደ ቃዲሻ ሸለቆ ለመሳለም ሄዱ፤ እኛም አብረን ሄድን። ቃዲሻ ማለት ቅድስት ማለት ነው። በገደሉ ወገብ በተፈለፈሉ ዋሻዎች ከብዙ ወገን የመጡ መነኮሳት፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ኖረውበታል፤ ሸለቆውና የአርዙ ደን በ1991 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አባቶቻችን በረገጡት መንገድ ስንሄድ ደስ ቢለንም ያች እናትና ልጅዋ አብረውን አልነበሩም፤ በመንገዱ ላይ ኬላ አለና አልደፈረችም። እኛም አልገፋፋናትም። ለልጁ በመንገድ ዳር ከሚሸጡት አንዲት ትንሽ የአርዝ እንጨት መስቀል ገዝተን አመጣንለት። አሽትቶ፣ «ደኑ እንዲህ ይሸታል?» አለ። «እንዲህ ይሸታል» አልነው።

በዚያ ደን ያየነው አንድ ነገር ከልባችን አልወጣም። የብሸሪ አርዞች በድንጋይ ግንብ የታጠሩ ናቸው፤ ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1876 በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶሪያ ገንዘብ የተሠራ ነው፤ ምክንያቱም ፍየሎች ችግኙን እየበሉ ታላላቆቹ ዛፎች ወራሽ አጥተው ነበር። በአገራችንም ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አገኙ፤ ነገር ግን ከብት በሚገባበት ደን ችግኙ እየተበላና እየተረገጠ እንደማያድግ አስተዋሉ። ከዚህም የተነሣ በብዙ ደብር ካህናቱና ሕዝቡ ከእርሻው ላይ ድንጋይ እየለቀሙ አጸዱን አጥረዋል። እንግዲህ ግንብ መልካም ነው። ነገር ግን ግንቡ ለችግኙ ነው እንጂ ችግኙ ለግንቡ አይደለም። ፀሐይና ዝናብ የማያስገባ ግንብ ችግኙን ከፍየል ቢያድነውም ያጠወልገዋል። ያች እናት በፍርሃት የሠራችውን ግንብ አላፈረሰችውም፤ አደጋው እውነተኛ ነበርና። በር አወጣችለት እንጂ።

እኛ ወደ ገዳማችን ከተመለስን በኋላ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ጦርነቱ በሊባኖስ በረታ። ብዙ ስደተኞች መጠለያ አጥተው በባሕሩ ዳርና በመንገድ ላይ አደሩ። ከቤይሩት ደቡባዊ ሰፈሮች የሸሸች አንዲት ኢትዮጵያዊት ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደዚያች ጠባብ ክፍል ገባች። ልጁ ለእነዚያ ልጆች የበሶብላውን ቆርቆሮ አሳያቸው፣ 22ቱንም አስቆጠራቸው። በሰማይ ሌሊትና ቀን እንደ ተርብ የሚጮኽ ድሮን ነበር። ከልጆቹ አንዱ፣ «ይህኛው በየትኛው ቀን ተፈጠረ?» ሲል ጠየቀ። እናቲቱ በድምፅ መልእክት እንደላከችልን፣ የራስዋ ልጅ ቀድሞ መለሰ፦ «ይህ ከ22ቱ የለበትም፤ የሰው ሥራ ነው፤ ያልቃል።» ኅዳር 18 ቀን ተኩስ እንዲቆም ስምምነት ሆነ። እናትና ልጅ እስካሁን በዚያው ናቸው፤ ወረቀታቸውም ገና አልተፈጸመም፤ በጸሎታችሁ አስቡአቸው።

የጠየቃችሁን ወላጆች ሆይ፣ መልሳችን ይህ ነው። ልጅ ደን ስለሌለው ብቻ ከፍጥረት አይለይም፤ የሚለየው ያለውን ስሙን ጠርቶ የሚያሳየው ሲያጣ ነው። በዚያ ላሉ ልጆቻችሁ ስትደውሉ ስለ ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ። ሕፃኑን በስልክ አቅርባችሁ፣ ደጃፋችሁ ላይ ያለውን ዛፍ ስም፣ ዛሬ የጮኸውን ወፍ፣ የዘነበውን ዝናብ ንገሩት፤ እርሱም በዚያ ያየውን ይንገራችሁ። ከእናንተ ጋር ያለው ልጅ ቢሆንም በስልክ አንበሳ የሚያውቅ፣ ጉንዳን የሚፈራ እየሆነ ነውና ስለ ምካሌስ የተነገረው ለአዲስ አበባም ለባሕር ዳርም ነው። ወደ ገዳማችን ስትመጡ ልጆቻችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ በአጸዱ ውስጥ እጃቸውን ይዛችሁ ወይራውን ከዝግባው፣ ዝግባውን ከኮሶው ለይታችሁ አሳዩአቸው።

ወንድሞቼ መነኮሳትና ካህናት ሆይ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰ ልጅ ወደ ጉባኤአችን ሲመጣ ዓረብኛ ቀላቅሎ ቢናገር አንሣቅበት። «ሹ ሃይዳ?» ብሎ ከጠየቀ ጥያቄው ሊቃውንቱ ሁሉ የጀመሩበት ጥያቄ ነው። ከችግኝ ጣቢያችን አንዲት የወይራ ችግኝ በእጁ ስጡት፤ ራሱ ይትከላት፣ ራሱም ያጥራት፤ ለማጠጣት የሚገባበትንም በር ይተውላት።

አምላከ ቅዱሳን በስደት ያሉትን እናቶችና ሕፃናት በያሉበት ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።